አምስቱ ወደ ባሕር ወረዱ?

የምሠራው ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ባነርና ስቲከር ከሚታተምበት ቤት። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አሞራ ገደል አጠገብ ዓሳ ቤት ሊከፍቱ ሲዘጋጁ መጡና "ልጄ፣ ዓሳ ያለበት ባነር ሥራልኝ፤ ብቻ ዓሳው የሞተ አይምሰል" አሉኝ። ለጥብስ ቤት የሞተ የማይመስል ዓሳ! እሺ ማዘር አልኩና ኢንተርኔት ላይ የዓሳ ምስል ፍለጋ ገባሁ። ከቆሮሶ ወደ አምባዛ፣ ከአምባዛ ወደ ምናምን ስል ቆይቼ፣ በምን በኩል እንደሆነ እንጃ፣ "ኖት ኤ ፊሽ" የሚባል ሸክላ ላይ ወደቅኩ። በጆሮ ሲሰማ "ዓሳ አይደለም" ነው። ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ቃል "ቋጠሮ" ይሆናል። የፊደል ቀልድ ነው። የወጣው በፈረንጆቹ 1983 ነው (ከዚህ በታች የእኛ ነው ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ከፍቼ ሰማሁት። ባነሩ ያን ቀን አላለቀም።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መሰለኝ። የምሬን ነው። ጊታሩ በአንድ በኩል ይሄዳል፣ ድራሙ በሌላ፣ ቤዙ ደግሞ ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሮጥ ሽማግሌ ይመስላል። እላዩ ላይ አንድ ሰውዬ ይጮኻል። አይዘፍንም፣ ይጮኻል። ግን ሁለተኛ ስሰማው ጩኸቱ ቦታ ቦታውን ያውቃል። ሦስተኛ ስሰማው አለቃዬ "ምንድነው የከፈትከው፣ ሰው ይሸሻል" አለኝና በጆሮ ማዳመጫ ቀጠልኩ።

የባንዱ ስም "አምስቱ ወደ ባሕር ወረዱ?" ነው። በእንግሊዝኛው "ፋይቭ ጎ ዳውን ቱ ዘ ሲ?"። የጥያቄ ምልክቱ የስሙ አካል ነው፣ እኔ የጨመርኩት አይደለም። ስሙን የወሰዱት ኢኒድ ብላይተን ከምትባል እንግሊዛዊት የልጆች ደራሲ የ1953 መጽሐፍ ነው። ጨዋ ልጆች ለእረፍት ወደ ባሕር ሄደው ወንጀል ደርሰው የሚያጋልጡበት ዓይነት መጽሐፍ። እነዚህኞቹ ርዕሱን እንዳለ አንስተው መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት ሰኩበት፣ አለቀ። ባነር የሚሠራ ሰው ነኝና አንድ ምልክት ምን ያህል ነገር እንደሚገለብጥ አውቃለሁ። "ትኩስ ዓሳ አለ" እና "ትኩስ ዓሳ አለ?" አንድ አይደሉም።

ልጆቹ የኮርክ ልጆች ናቸው። ኮርክ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ሁለተኛ ከተማ ናት፣ ደቡብ ላይ፣ ሊ የሚባለው ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ የመሀል ከተማዋን ደሴት ያደረጋት የወደብ ከተማ። ዝናብ አይጠፋባትም። ሰዎቿ እውነተኛዋ ዋና ከተማ የኛዋ ናት እያሉ ከደብሊን ጋር ይናቆራሉ። ይሄ ነገር ለሐዋሳ ልጅ ማብራሪያ አይፈልግም። እኛም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው "ደስ ትላለች፣ ለመዝናናት አሪፍ ናት" ሲለን ፈገግ ብለን በሆዳችን የምንለውን እንላለን።

በ1978 ነው የጀመሩት። ያኔ ስማቸው "ነን አታክስ" ነበር። ድምፃዊው ፊንባር ዶኔሊ ይባላል፣ በ1962 ቤልፋስት ተወልዶ ኮርክ ያደገ። ጊታሩን ሪኪ ዲኒን ይዟል። ቤዝና ድራም ላይ ደግሞ ፊሊፕና ኪት ኦኮኔል። ሌሎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በኋላ እንደውም ኡና ኒ ኻናይን የምትባል ቼሎ የምትጫወት ልጅ ገባችበት። እስቲ አስቡት፣ እንዲህ እየጮኸ ለሚዘል ባንድ ቼሎ! የክር ዋይታው ከጊታሩ ስር ሲመጣ መሲንቆ የሰማሁ መስሎኝ ወደኋላ መልሼ አዳምጬዋለሁ።

አሁን ትንሽ ስለ ሥራ ላውራ፣ ምክንያቱም ያለሱ ይሄ ሙዚቃ ከየት እንደመጣ አይገባም። ኮርክ የፎርድ ከተማ ነበረች። ሄንሪ ፎርድ አባቱ ከዚያው ከኮርክ አውራጃ የተሰደደ ነው፣ እና በ1917 እዚያ ፋብሪካ ተከለ። መጀመሪያ ትራክተር፣ በኋላ መኪና። አጠገቡ ደንሎፕ ጎማ ይሠራል። የሰፈሩ ሰው አባቱ ፎርድ ወይ ደንሎፕ ነው፣ ልጁም እዚያ ይገባል። ከዚያ በ1983 ደንሎፕ ተዘጋ። በ1984 ፎርድ ተዘጋ። በዚያው ዓመት የመርከብ መሥሪያውም ተዘጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቱም! እነ ዶኔሊ ገና ነን አታክስ ሳሉ ስለ ነጭ ኮርቲና የተጫወቱት ዘፈን አለ። ኮርቲና እዚያው ሰፈራቸው ይገጣጠም የነበረ የፎርድ መኪና ነው። ሌላው ዓለም ስለ ካዲላክ ሲዘፍን እነሱ ስለ ጎረቤት ፋብሪካ መኪና።

ሐዋሳ ውስጥ ይሄን ለማስረዳት አልቸገርም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ሲከፈት ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራዩ ነበር። ማታ ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱ በሴት ልጅ ሳቅ ይሞላል። ከዚያ ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አወጣች፣ ገዢዎች ሄዱ፣ ብዙ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደመጡበት ተመለሱ፣ አከራዮችም "ክፍል አለ" የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ጀመሩ። እኛ ቤት እንኳን ያን ሰሞን ከታተመው ብዙው "የሚከራይ ቤት" የሚል ነበር። አንድ ከተማ ተስፋዋን የጣለችበት ነገር ድንገት እንዲህ ሲላላ የሚመጣ የሆነ ዓይነት ሳቅ አለ። መራራ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። የነዚህ ልጆች ሙዚቃ ውስጥ የሰማሁት እሱን ነው። ዶኔሊ ስለ ሥራ ማጣት አይዘፍንም። ስለ ከብትና ስለ ዝሆን ነው የሚጮኸው። መንግሥትን አይሳደብም፣ ችግሩን አይዘረዝርም፣ ብቻ ዓለም ዝም ብላ ያበደች እንደሆነች አድርጎ ይነግርሃል፣ አንተም እየሳቅህ ትንሽ ይከፋሃል።

ተቺዎች ከአሜሪካዊው ካፕቴን ቢፍሃርት ጋር ያነጻጽሩታል፣ ከእንግሊዞቹ ዘ ፎል ጋርም። ይሁን። እኔ ግን ለሐበሻ ጆሮ ሌላ መንገድ ይቀርበዋል ባይ ነኝ። ሽለላና ቀረርቶ። ሸላይ ዜማ አያሳምርም፣ ቃሉን ይወረውራል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ያቆማል እንጂ መስመሩ ሲያልቅ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ነፍሱን ይማረውና ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣው ያደረገው ይሄንኑ ነው። ለዚህም ይመስለኛል እሱ ራሱ በስተርጅና ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች ጋር የገጠመው፣ በ2006 አልበም እስከማውጣት ድረስ። ጩኸት ከጩኸት ጋር ተዋወቀ እንጂ ምንም ተአምር የለውም። ዶኔሊ ላይ ጎፈርና ጋሻ ጨምሩበትና ከዝሆኑ ጋር አንድ ሜዳ ላይ አስቡት፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

እንዲህ ያለ ባንድ ማን ያጫውተዋል? ጠቅላላ ነገሩን ሳነብ የገረመኝ እሱ ነው። ዶኔሊ አይገርመኝም። ዶኔሊ በየከተማው አለ። እኛ ሰፈርም ሁለት ሦስት አውቃለሁ፣ አንዱ ጋር እንደውም ባንድ ነበረኝ፣ እመለስበታለሁ። የገረመችኝ ኤልቬራ በትለር ናት።

ኤልቬራ የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የመዝናኛ ኃላፊ ነበረች። ኮርክ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አርኬድያ የሚባል ትልቅ የዳንስ አዳራሽ ነበረ፣ ቀደም ሲል ዩኒፎርም የለበሱ የዳንስ ባንዶች የሰው ዘፈን የሚጫወቱበት፣ ወንዱ በዚህ ሴቱ በዚያ ቆሞ የሚተያዩበት ዓይነት። ዘመኑ አለፈበት። እሷ በ1970ዎቹ መጨረሻ ይሄን አዳራሽ ያዘችና ለተማሪም ለሰፈር ልጅም ኮንሰርት ማዘጋጀት ጀመረች። ዩ2 የሚባሉት የአየርላንድ ሮክ ባንድ ገና ዓለም ሳያውቃቸው ብዙ ጊዜ መጥተው የተጫወቱት እዚያ ነው። እንደውም ለረጅም ዓመታት የዩ2ን ድምፅ ሲቆጣጠር የኖረው ጆ ኦሄርሊሂ የኮርክ ሰው ነው። ግን ለእኔ ቁም ነገሩ ዩ2 አይደለም። ቁም ነገሩ ትልልቆቹ ሲመጡ የሰፈር ልጆች ከነሱ በፊት መድረክ ላይ መውጣታቸው ነው። ለነ ነን አታክስ ማይክ ተሰጣቸው፣ መብራት በራላቸው፣ ሰው ፊታቸው ቆመ። አጫፋሪም ይሁን ተሳዳቢ፣ ሰው ቆመ።

ነሐሴ 24 ቀን 1972 በእኛ አቆጣጠር፣ በነሱ ኦገስት 30 ቀን 1980፣ አራት የኮርክ ባንዶች በአንድ ምሽት አርኬድያ ላይ ሲጫወቱ ተቀረጹ። ኤልቬራ ሪከስ የሚል አሳታሚ አቋቋመችና በ1981 በሸክላ አወጣችው። ነን አታክስ አሉበት፣ ማይክሮዲዝኒም አሉበት። ማይክሮዲዝኒ በኋላ የተሻለ ስም ያገኙ ናቸው፣ ድምፃዊያቸው ካሃል ኮክላን በ2022 አረፈ። ያን ምሽት ሳስብ የራሳችንን 1972 አስባለሁ። ሰዓት እላፊ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ የወደደ ሰው ሆቴል ውስጥ ተቆልፎበት እስኪነጋ ይጨፍራል፣ ባንዶቹም እስኪነጋ ይጫወታሉ። ከዚያ ተቆልፎ ማደር ውስጥ ስንት ግሩም ሙዚቃ ወጣ። በር ተቆልፎም ቢሆን አዳራሽ ነበራ።

ወደ እኛ ባንድ ልምጣ፣ አጭር ነው። በ2005 በእኛ አቆጣጠር አራት ሆነን ጀመርን። ልምምዳችን አቶቴ ነበር፣ የጊታር ተጫዋቻችን እናት ጊቢ ውስጥ፣ እንጀራ ከሚጋግሩበት ሰርቪስ ጎን። ኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲበራ አምፕሊፋየራችን ይደክማል። ስለዚህ የምንለማመደው እትዬ ጋግረው ሲጨርሱ ነው። ጀለሶቻችን "የእንጀራ ባንድ" ነበር የሚሉን። እኔ ቤዝ፣ ድራመሩ ግማሹን ድራም ግማሹን የውሃ ጀሪካን፣ ድምፃዊያችን ደግሞ የሆነ ሰውዬ! ድምፁ አያምርም። ግን ስታየው ዓይንህን አታነሳም። አንድ የራሳችን ዘፈን ነበረን፣ ግጥሙ ከባጃጅ ተራ የተለቀመ ነው፤ "አቶቴ፣ ሪፈራል፣ ዓረብ ሰፈር፣ መናኸሪያ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ።" ስድስት ደቂቃ። መጨረሻ ላይ "አንድ ሰው ብቻ" የሚለውን እስኪያልበው ይደጋግመዋል፣ እና ልማልላችሁ፣ እዚያ ስንደርስ ቆዳዬ ይቆማል፣ ስለ ባጃጅ መሆኑ ይረሳኛል።

አንድ ሆቴል በሰው በሰው የቅዳሜ ማታ ቦታ አገኘን። ሦስት የታወቁ ዘፈኖች ተጫወትን፣ ሰው በሉ በሉ አለን። ከዚያ የባጃጁን ጀመርን። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ድምፃዊያችን ኪስ ውስጥ መቶ ብር ከተተና "አሁን ሌላ" አለው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ኃላፊው መጡ፣ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፣ "ልጆች፣ ሰው እራት እየበላ ነው" አሉን። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሶኬቱን ነቀሉት። ጊታርና ቤዝ ሞተ። ድራመሩ ቀጠለ። ድምፃዊያችንም ያለ ማይክ ቀጠለ፣ ሳህንና ሹካ መሀል ቆሞ፣ "አንድ ሰው ብቻ።" ከማዕዘን ወንበር አንዲት ልጅ አጨበጨበች። አንድ ሰው ብቻ።

ክፍያችን አራት ሽሮና አራት ለስላሳ ሆነ። መቶ ብሩን ተካፈልን። ሰውዬውን አልቀየማቸውም፣ የሆቴል ሥራ ሆቴል ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ቦታ አለመኖሩ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ሙዚቃ መጫወት ትችላለህ፦ ሰርግ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ባዛር ላይ፣ በየቤተ እምነቱ፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲሆን ደግሞ ጉዱማሌ ላይ ከነ ሕዝቡ። ሁሉም የራሱ ወግ አለው፣ ሁሉም ሰው ምን ሊሰማ እንደመጣ ያውቃል። ምን እንደሚሰማ ሳያውቅ የሚመጣበት ቤት ነው የጠፋው። ይሄን ስል ጓደኞቼ "ጃኖ ባንድስ?" ይሉኛል። ጃኖን እወዳቸዋለሁ፣ በ2012 "ኤርታሌ" ሲወጣ ሮክ በአማርኛ ይቻላል ብለን ያመንነው በነሱ ነው። ግን እነሱ በትልቅ ፕሮዲዩሰር ተይዘው ተለማምደው የወጡ ናቸው። እኔ የማወራው ተለማምዶ ላልጨረሰ፣ ምናልባትም መቼም ለማይጨርስ ሰው ስለሚሆን አዳራሽ ነው።

እሺ፣ አየርላንዶቹ ጋ እንመለስ። በ1983 ወደ ለንደን ሄዱ። ማይክሮዲዝኒዎችም በዚያው ሰሞን። የኮርክ ልጅ ሥራ ሲያጣም ሙዚቃ ሲያምረውም መንገዱ አንድ ነው፣ እንግሊዝ። "ኖት ኤ ፊሽ" በዚያ ዓመት ወጣ። በ1984 "ዘ ግሊ ክለብ"። በ1985 "ሲንጊንግ ኢን ብሬል"፣ ማለት በዓይነ ስውራን ፊደል መዝፈን፣ ያውም ክሪኤሽን በሚባለው አሳታሚ፣ ከዓመታት በኋላ ኦኤሲስ የሚባለውን ዝነኛ የእንግሊዝ ባንድ ባወጣው። ሁሉም አጫጭር ሸክላዎች ናቸው፣ ጥቂት ጥቂት ዘፈን። ሙሉ አልበም የለም። አንድም። በ1985 ተበተኑ።

ለምን ተበተኑ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ባንድ ኖሮት አያውቅም። ለንደን ያለ ሥራ፣ ያለ ቤት፣ ሙዚቃህን ሰው ወይ ይስቅበታል ወይ ይሸሸዋል። በ2020 ሥራዎቻቸው ተሰብስበው እንደገና ሲታተሙ የወጣላቸው ርዕስ "ከአከራይ መደበቅ" የሚል ነው። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ማን ነው ከአከራይ ተደብቆ የማያውቅ? እኔ በ2009 በእኛ ሁለት ወር ሙሉ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ነው የምገባው፣ የጋሼ ውሻ ግን ከኔ ወዳጅነት ይልቅ ለቤት ኪራዩ ታማኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዶኔሊና ዲኒን እንደገና ተገናኙ። አዲስ ስም አወጡ፣ ቤትሆቨን (በስሙ መሀል ስድብ አለ፣ እናቴ ይሄን ስለምታነብ አልጽፈውም)። ሴታንታ የሚባል ለንደን ውስጥ ያለ የአየርላንዶች አሳታሚ በ1989 አንድ ሸክላ አወጣላቸው። ድምፁ ትንሽ ጠንከር፣ ትንሽ ፈርጠም ያለ ነው። ለእኔ ጆሮ ከቀድሞዎቹ ያነሰ ያዝናናል፣ ግን ሰውዬው ምን እንደሚፈልግ ያወቀ ይመስላል።

በዚያው ዓመት፣ እሁድ ጁን 18፣ ዶኔሊ ለንደን ሀይድ ፓርክ ውስጥ ሰርፐንታይን የሚባለው ሐይቅ ውስጥ ሊዋኝ ገባ። ሰጠመ። 27 ዓመቱ ነበር። በእኛ ሰኔ 11 ቀን 1981 ማለት ነው፣ የግንቦቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ወር አልፎት፣ እዚህ ሰው የራሱን ሬሳ ሲቆጥር። 27 ዓመት ሲባል ወዲያው በዚሁ ዕድሜ የሞቱትን እነ ጂሚ ሄንድሪክስን የሚጠቅስ አይጠፋም። እባካችሁ ተዉት። ሄንድሪክስ ቢሊዮን ሰው ያውቀዋል። ይሄኛው እሁድ ቀን ሊዋኝ የገባ ልጅ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆምኩ፣ ጽሑፉንም ለሁለት ሳምንት ተውኩት። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ይሄን ዜና እንደ ሙዚቃ ታሪክ አያነበውም። ሐዋሳ ሐይቅ ከላይ ሲታይ የተዘረጋ ነጠላ ነው። ውስጡ ግን ሣር አለ፣ እግር ይይዛል፣ ጉማሬም አለ። እናቶቻችን "ውሃ ጓደኛ የለውም" እያሉ በአርጩሜ ያባርሩን ነበር። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ በስምንተኛ ክፍል ክረምት ሊዋኝ ገብቶ አልወጣም። ደብተሩን ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛው ስር እናየው ነበር፣ የሚያነሳው አልነበረም። ዛሬም ሰው "አሪፍ ዋናተኛ ነው" ሲል ስሰማ ደስ አይለኝም።

ዶኔሊ ከሞተ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ነው የተነሳው። በ2001 ኮርክ ውስጥ ስለሱ የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም ተሠራ፣ ርዕሱ "ያንን ጭራቅ ከመድረክ አውርዱት" ነው። ርዕሱን ሳይ ያ ጎልማሳ ከነመቶ ብሩ ትዝ አለኝ። ከዚያ የ2020ው ስብስብ። ሲቆጠር ከ1978 እስከ 1989 አሥራ አንድ ዓመት፣ ሦስት ስም፣ በመሀሉ ሦስት ዓመት መበተን፣ እና አንድ ከሰዓት ተሰምቶ የሚያልቅ ሙዚቃ። እኔ አንድ ከሰዓት ሰምቼ ጨርሼዋለሁ፣ ባነሩንም እዚያው ላይ ነው የሠራሁት። ማዘር ዓሳውን ሲያዩት "ይሄ ዓሳ ምን አይቶ ነው የደነገጠው?" አሉኝ። ግን ወሰዱት።

የእኛ ባንድ አሥራ አራት ወር ቆየ። ድራመሩ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ ሄደ፣ አሁን ሱቅ አለው። ጊታሩ ተሸጠ። ድምፃዊያችን አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ ሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል፣ ሁለት ልጆች አሉት።

ያለፈው ቅዳሜ የማዘር ዓሳ ቤት ወሰድኩት። ባነሩ ስር ተቀመጥን፣ የደነገጠው ዓሳ ከላያችን ነው። ጥብስና ሾርባ አዘዝን፣ ዳጣውን አስጨመርን። ሾርባው እስኪመጣ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለሱ፣ አንዱን ለኔ አድርጌ "ኖት ኤ ፊሽ"ን ከፈትኩለት። ምንም አላልኩትም። መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ጣቱ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ፣ ተሳስቶ መታ፣ ቆመ፣ እንደገና ያዘው። ሾርባው መጣ፣ አልነካውም።

"ይሄ ሰውዬ ሰርግ ተጠርቶ አያውቅም" አለ።

"ሞቷል" አልኩት። "ሐይቅ ውስጥ።"

ዞሮ ወደ ውሃው አየ። ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር፣ አሞሮቹ አንጀት ለመለቃቀም ተሰልፈዋል። የጆሮ ማዳመጫውን አላወለቀም። ዘፈኑ ሲያልቅ "ድገመው" አለኝ፣ ደገምኩት። ስለ ኤልቬራና ስለ ባቡር ጣቢያው አዳራሽ ነገርኩት፣ ሆቴሉ ውስጥ ስላጨበጨበችው ልጅም አነሳን፣ ማን እንደነበረች ዛሬም አናውቅም። ሾርባው ቀዝቅዞ ማዘር መጥተው ተቆጡን። እኔ ልከፍል ስነሳ እጄን ያዘኝ።

"እዚያ እናንተ ቤት ጀርባ ያለው መጋዘን" አለኝ፣ "ቆርቆሮ የሚያስቀምጡበት። አሁን ባዶ ነው አይደል?"

"ባዶ ነው። በወር ነው የሚከራየው።"

"ለአንድ ማታስ?"